የአዲስ ቪዲዮ ጌም ጠንካራና ደካማ ጎን እንዴት ይመዘናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል፤ ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንድ ጌም ጥሩ ነው ወይም ደካማ ነው ለማለት ምን ምኑን ማየት አለብኝ?

መጀመሪያ የሚታየው እጅ የሚሠራው ሥራ ነው። ተጫዋቹ በየደቂቃው የሚደጋግመው ነገር፣ መሮጥም ይሁን መተኮስ፣ መንዳትም ይሁን ካርድ መምረጥ፣ በራሱ ካላስደሰተ ታሪኩም ሥዕሉም ጌሙን አያድኑትም። ቀጥሎ ያ ድርጊት ከሰዓታት በኋላ እንዴት እንደሚያድግ ይታያል። አዲስ ጠላት ወይም አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ተጫዋቹ ዘዴውን ለመቀየር ይገደዳል ወይስ ያንኑ ይደግማል? ከዚያ የቦታዎቹ አሠራር፣ ድምፁ፣ ታሪኩ፣ የቴክኒክ ጤንነቱ እና ጌሙ ገንዘብ የሚጠይቅበት መንገድ ይከተላሉ።

ጉድለት ባገኙ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያንሡ፦ ይህ በአፕዴት የሚጠገን ነው ወይስ ጌሙ የቆመበት አጥንት ነው? የሚቆራረጥ ድምፅ፣ የሚጠፋ ሴቭ፣ ጥቅሙ የበዛ መሣሪያ ይጠገናሉ። አሰልቺ ውጊያ ወይም ባዶ የሆነ ሰፊ ካርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተወለደ ይኖራል። አዲስ በወጣ ጌም ላይ ጫጫታ የሚበዛው በመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ጌሙን ከዓመት በኋላም የሚወስነው ግን ሁለተኛው ነው።

ግራፊክሱ በጣም ካማረ ጌሙ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም?

አይቻልም። የምስል ውበት ሌላ፣ የምስል ግልጽነት ሌላ ነው። ጠላት ክንዱን ሲያነሣ መታየቱ፣ የሚያዘው ዕቃ ከጌጡ መለየቱ፣ መውጫው መታወቁ ለጨዋታው ይበልጣሉ። ለመፈተን ውጊያው በተጋጋለበት ሰዓት የስክሪኑን ፎቶ ያንሡ። በፎቶው ላይ የራስዎን ገጸ ባሕርይና ቅርብ ያለውን አደጋ ወዲያው ካላገኙ፣ ብልጭታውና ጭሱ ጨዋታውን ሸፍነውታል።

ለመፍረድ ስንት ሰዓት መጫወት ይበቃል?

እንደ ጌሙ ዓይነት ነው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት የሚያልቅ፣ ታሪክ ያለው ጌም እስከ መጨረሻው ካልተጫወቱት ፍርዱ ግማሽ ነው። 60 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚወስድ ጌም ላይ ቢያንስ ዋና ዋናዎቹ ሥርዓቶች ሁሉ እስኪከፈቱ መጫወት ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይሆናል። በፍልሚያ ጌም ግን ሰዓቱ ሳይሆን፣ ችሎታቸው ከሚለያይ ተጫዋቾች ጋር የተደረገው ግጥሚያ ነው የሚቆጠረው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ብቻ አይመኑ። ለማስታወቂያ የሚቀርበውም፣ ገዢው ሁሉ የሚያየውም እሱ ስለሆነ ከሌላው ክፍል ይልቅ ተወልውሎ ይወጣል። ድካም የሚታየው በመጨረሻው ሲሶ ነው፦ የቆዩ ጠላቶች ቀለም ብቻ ቀይረው ይመለሳሉ፣ ያለፉበትን ቦታ እንደገና ያስረግጣል፣ ቴክኒኩም ይላላል። ባልዱርስ ጌት 3 ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ2020 ጀምሮ ሳይጠናቀቅ ለተጫዋቾች ሲቀርብ የሚታየው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነበር። በ2023 ሙሉው ሲወጣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ፍሬሙ (ጌሙ በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት፤ እያንዳንዱ ምስልም ፍሬም ይባላል) በግልጽ የወረደው በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ሰው በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ነው። ምርጥ ከሚባሉት ጌሞች አንዱ ነው፤ ያም ሆኖ መጀመሪያውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ጉድለት ሊያውቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ አስተያየት ሲሰጡ እስከ የት እንደደረሱ አብረው ይናገሩ።

ገጸ ባሕርዩ ትእዛዝ ሲቀበል ይዘገይብኛል። ጥፋቱ የጌሙ ነው?

በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ይመርምሩ። ጌም ሞድ ካልበራ ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብሩ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ መዘግየት ይጨምራሉ። ቀጥሎ ኮንትሮለሩን በገመድ ያገናኙ፣ በፒሲ ላይ ከሆኑ ቪሲንክን (ፍሬሞቹን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማውን ሴቲንግ) ያጥፉና ይሞክሩ። ይህን ሳያደርጉ ጌሙን መውቀስ ያላጠፋውን መክሰስ ነው።

ዝግታው አሁንም ካለ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ እውነተኛ መዘግየት ነው፤ ቁልፉ ተጭኖ ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሆንም። ሌላው ሆን ተብሎ የተሰጠ ክብደት ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ወዲያው ይጀምራል፣ እንቅስቃሴውን ለመጨረስ ግን ጊዜ ይወስዳል። ለመለየት በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጽ ስልክ ጣትዎንና ስክሪኑን አንድ ላይ ይቅረጹ። እያንዳንዱ የቪዲዮ ፍሬም 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ቁልፉ ከተጫነበት እስከ መጀመሪያው ለውጥ 24 ፍሬም ቢቆጥሩ መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ነው፤ ፈጣን ምላሽ ለሚጠይቅ ጌም ይህ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለክተው አይተዉት፤ አሥር ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

መዝለል ዋናው በሆነበት ጌም ደግሞ ወደ ገደል ጫፍ እየሮጡ ሆን ብለው ዘግይተው ይዝለሉ። በጥንቃቄ የተሠራ ጌም እግር መሬት ከለቀቀ በኋላም ለጥቂት ፍሬሞች ዝላዩን ይቀበላል። እንዲሁም መሬት ከመንካትዎ ትንሽ ቀድመው ቁልፉን ይጫኑ፤ ትእዛዙን ይዞ ቆይቶ ሲያርፉ ይፈጽመዋል። ሁለቱም የሌሉበት ጌም ላይ ተጫዋቾች "ቁልፉን ተጭኜ ነበር እኮ" ሲሉ ይሰማል፤ ምክንያቱን ግን መናገር ይቸግራቸዋል።

30 ፍሬም ከሆነ መጥፎ፣ 60 ከሆነ ጥሩ ነው?

ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። በ30 እያንዳንዱ ፍሬም 33.3 ሚሊሰከንድ፣ በ60 ደግሞ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ዓይን የሚያውቀው እኩል መምጣታቸውን ነው። በእኩል ርቀት የሚመጣ 30፣ በ40 እና በ60 መካከል ከሚዋዥቅ ፍሬም ይልቅ ብዙ ጊዜ የረጋ ይመስላል። የመኪና ውድድር፣ ፍልሚያ እና ተኩስ ላይ ግን 60 የግድ ነው ብንል አናጋንንም፤ ቀስ ብሎ በሚታሰብበት የስትራቴጂ ጌም ደግሞ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

አማካይ ቁጥር ያታልላል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ፍሬም ብቻ 100 ሚሊሰከንድ ቢቆይ አማካዩ ከ60 ወደ 55 ነው የሚወርደው፤ ዓይን ግን ግልጽ መቆራረጥ ያያል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን "1% ዝቅተኛ" የሚባለውን ቁጥር፣ ማለትም በጣም የዘገዩትን 1% ፍሬሞች ፍጥነት ይመልከቱ። አማካዩ 90 ሆኖ 1% ዝቅተኛው 30 ከሆነ ጌሙ ችግር አለበት።

ጌሙ እየተቆራረጠ ነው። ችግሩ የኮምፒውተሬ ነው ወይስ የጌሙ?

እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባለ ፕሮግራም የፍሬም ጊዜ መስመሩን፣ የግራፊክስ ካርዱን ሥራ፣ የካርዱን ሚሞሪ እና ፕሮሰሰሩን ስክሪን ላይ ያውጡ። ከዚያ ሬዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) በጣም ዝቅ ያድርጉ። ፍሬሙ ከጨመረ ጫናው የግራፊክስ ካርዱ ላይ ነበር፤ ሴቲንጉን በመቀነስ ይፈታል። ምንም ካልጨመረና ካርዱ ከ90% በታች እየሠራ ከሆነ ጌሙን የያዘው ፕሮሰሰሩ ነው። እዚህ ላይ የግራፊክስ ሴቲንግ መቀነስ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚረዳው የሰው ብዛትን፣ የእይታ ርቀትን እና ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃን ጨረር ስሌትን) መቀነስ ነው። በ2024 የወጣው ድራጎንስ ዶግማ 2 በከተሞች ውስጥ የተንገዳገደው በዚህ ምክንያት ነው፦ የእያንዳንዱ ነዋሪ ስሌት ፕሮሰሰሩን ያጨናንቀዋል፤ ውድ ካርድ ያላቸው ሰዎችም አላመለጡም።

አዲስ ነገር በታየ ቁጥር፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው ፍንዳታ ወይም አዲስ ጠላት ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ የሚቀጥል ከሆነ ችግሩ ሼደር ነው። ጌሙ ለካርዱ የሚሆነውን ኮድ ቀድሞ ማዘጋጀት ሲገባው በጨዋታው መሃል እያዘጋጀ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ወደ ቀድሞ ሴቭ ተመልሰው ያንኑ ቦታ ይጫወቱ። ሁለተኛው ዙር ለስላሳ ከሆነ ሼደር ነበር። በየተራው ያው ቦታ ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጌሙ አዲስ የካርታ ክፍል ከዲስክ ሲጭን የሚፈጠር ችግር ነው፤ ኤስኤስዲ ላይ ተጭኖም ካልተወ ጉድለቱ የሠሪዎቹ ነው። መጀመሪያ ላይ "ሼደር በመዘጋጀት ላይ" የሚል ረጅም መጠበቂያ ካለ ሳያቋርጡ ያስጨርሱት። ያንን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ብዙውን ጊዜ ወዲያው የሚያማርሩት።

ሦስተኛው ዓይነት ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ነው። የካርዱ ሚሞሪ ሞልቶ እንደሆነ ይመልከቱ። 8 ጊጋባይት ካርድ ላይ ቴክስቸርን (የዕቃዎቹን ገጽ የሚሸፍነውን ሥዕል) ከከፍተኛው አንድ ደረጃ ማውረድ ብቻውን ሊፈታው ይችላል። ሚሞሪው ሳይሞላ ራሙ ያለማቋረጥ እያደገ ከሄደ ደግሞ ጌሙ የያዘውን አይለቅም ማለት ነው፤ ይህ በአፕዴት የሚጠገን ስሕተት ነው።

ዲኤልኤስኤስ እና ኤፍኤስአር በርቶ የተለካ ፍሬም ይቆጠራል?

ይቆጠራል፣ ምን እንደበራ ከተነገረ። ሁለቱም ጌሙን በዝቅተኛ ሬዞሉሽን ሠርተው ምስሉን የሚያሳድጉ ዘዴዎች ናቸው። በ4ኬ "ፐርፎርማንስ" ሲመረጥ ጌሙ በውስጥ የሚሠራው በ1920 በ1080 ነው፤ "ኳሊቲ" ሲሆን በ2560 በ1440። ስለዚህ "በ4ኬ 60 አገኘሁ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። ጥራቱን ለማየት በጠጉር፣ በአጥር ሽቦና በሚንቀሳቀስ ቅጠል ላይ ያተኩሩ፤ ጥላ የመሰለ ጭራ እና ብልጭታ መጀመሪያ የሚታዩት እዚያ ነው።

ፍሬም ጀነሬሽን ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል። በእውነተኞቹ ፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም ፈጥሮ ያስገባል፤ ዓይን ይረካል፣ የእጅ ምላሽ ግን አይፈጥንም፣ እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። መሠረቱ 60 አካባቢ ሲሆን ይጠቅማል። 30ን ወደ 60 ለማሳደግ ከተጠቀሙበት እጅዎ 30ውን ያውቀዋል። አንድ ጌም ጥሩ ለመሄድ ይህን እንዲያበሩ የሚጠይቅ ከሆነ እንደ ጉድለት ይጻፉበት።

ጌሙ አስቸጋሪ ነው ወይስ ኢፍትሐዊ?

በተሸነፉ ቁጥር ለምን እንደተሸነፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። "ቀድሜ ዘለልኩ" ወይም "ጋሻዬን አወረድኩ" ማለት ከቻሉ ጌሙ አስቸጋሪ ነው፣ እያስተማረዎትም ነው። ከአሥር ሽንፈት አምስቱ ላይ "አላየሁትም" ወይም "አልነካኝም እኮ" የሚሉ ከሆነ ፍትሕ ጎድሏል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ካሜራው ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ ጠላት ከስክሪን ውጭ ሆኖ ያለ ምልክት ይመታል፣ የጥቃቱ የማይታይ ክልል ከሚታየው ሰይፍ ይሰፋል፣ ወይም ቦሱ (የምዕራፉ ዋና ጠላት) ምቱን ለመጀመር የሚያሳየው ምልክት ሰው ሊመልስ ከሚችልበት ጊዜ ያጥራል። ሦስተኛውን ለመያዝ ቪዲዮ ቀርጾ ፍሬም በፍሬም ማየት ያስፈልጋል።

ከቼክፖይንት (ሲሸነፉ ከሚመለሱበት ቦታ) እስከ ቦሱ ያለውን መንገድም በሰዓት ይለኩ። ሁለት ደቂቃ ሮጦ ሃያ ሰከንድ መዋጋት ችሎታን አይፈትንም፤ ጊዜ ነው የሚበላው። የማቅለያ ሴቲንግ መኖሩን ግን እንደ ድክመት አይቁጠሩት። በ2018 የወጣው ሴለስት ፍጥነትን መቀነስና ጉዳት እንዳይደርስ ማድረግ ይፈቅዳል፤ ያም ሆኖ ሳይነኩት ለሚጫወቱት ከባድነቱ አልቀነሰም።

100 ሰዓት የሚወስድ ጌም ከ10 ሰዓቱ ይበልጣል?

በሰዓት ብዛት አይለካም። በ30 ደቂቃ ውስጥ ስንት አዲስ ውሳኔ እንደወሰኑ ይቁጠሩ። አንድን ሥራ ለሦስተኛ ጊዜ ቦታ ብቻ ቀይሮ ካመጣው፣ ደረጃዎ ካልጨመረ ዋናውን ታሪክ ካስቆመው፣ ካርታው ላይ ያሉት ምልክቶች አንዱ ከሌላው ካልተለዩ ርዝመቱ ውኃ የበዛበት ነው።

የሃያስያኑ ነጥብና የተጫዋቾቹ አስተያየት ለምን ይለያያሉ? የቱን ልመን?

የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ ለአንዳንድ ሚዲያዎች የበለጠ ክብደት እየሰጠ የሃያስያንን ነጥብ አማካይ ያወጣል፤ ኦፕንክሪቲክ የተባለው ደግሞ ክብደት ሳይለይ አማካዩን ያወጣና ስንት በመቶው ጌሙን እንደሚመክር ለብቻው ያሳያል። ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫ መደብር) ላይ ያለው ቁጥር ግን ነጥብ አይደለም፤ "እመክራለሁ" ያሉት ሰዎች ድርሻ ነው። ሁሉም "ደህና ነው" ብለው ያለፉት ጌም 95% ሊያገኝ ይችላል። ግማሹ የሚያብድለት፣ ግማሹ የሚጠላው ጌም ደግሞ 50% ላይ ይቀራል።

ከአማካዩ ይልቅ ስርጭቱን ይዩ። 75 ነጥብ፣ ሁሉም 75 ሰጥተው ሲመጣና 95 እና 55 ተደባልቀው ሲመጣ ትርጉሙ የተለያየ ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ጌሙ ጠንካራ ባሕርይ አለው፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሰጡትን አንድ አንድ አንብቡና ራስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ይወቁ። ስቲም ላይ ደግሞ ጸሐፊው አስተያየቱን ሲጽፍ የተጫወተው ሰዓት ይታያል፤ የ0.3 ሰዓት ቁጣ ስለ ሰርቨር ወይም ስለ መቆራረጥ እንጂ ስለ ጨዋታው አይደለም። ያለፉት 30 ቀናት አስተያየት ከጠቅላላው ጋር ሲራራቅ በመሃል አንድ አፕዴት ወይም የዋጋ ለውጥ አለ። በጅምላ የሚጣል ዝቅተኛ ነጥብም አለ፤ ሜታክሪቲክ ከ2020 ጀምሮ ጌሙ ከወጣ 36 ሰዓት ሳያልፍ የተጫዋች ነጥብ የማይቀበለው ለዚህ ነው።

ገዝቼ ካልወደድኩት መመለስ ይቻላል?

ስቲም ከገዙ 14 ቀን ሳይሞላ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱ ይመልሳል። ሼደር ሲዘጋጅ፣ ሴቲንግ ሲያስተካክሉ፣ መግቢያ ፊልሙ ሲታይ የሚያልፈው ጊዜም ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ ለቴክኒክ ይስጡ፦ ፍሬሙን፣ ኮንትሮለሩን፣ የጽሑፉን መጠን ይፈትሹ። ከዚያ ጌሙን በቡድን የሚጫወቱት ከሆነ በቀጥታ ወደ ግጥሚያ ይግቡ። የተጫወቱት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲሞላ ያቁሙና ይወስኑ።

ከመውጣቱ በፊት የተመሰገነው ጌም እኔ ጋ ሲደርስ ለምን ሌላ ሆነ?

ሃያሲው የተጫወተው እርስዎ የገዙትን ላይሆን ይችላል። ሳይበርፓንክ 2077 ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ቀድመው የተነበቡት ግምገማዎች በፒሲ ላይ የተሠሩ ነበሩ። በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ላይ ግን ጌሙ ይወድቅና ይደበዝዝ ነበር። ሶኒ ከሳምንት በኋላ ከመደብሩ አወረደው፤ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ግምገማ ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈለገው "በምን መሣሪያ ተጫወተው?" የሚለው ነው። የኮንሶሉ ቅጂ ለማንም ሳይሰጥ ከቀረ፣ ወይም ግምገማ እስከ መውጫው ሰዓት ድረስ ከተከለከለ መጠበቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት መደብሩ ነው። ክራሽ ቲም ሬሲንግ ኒትሮ ፊዩልድ በጁን 2019 ሲገመገም በገንዘብ የሚገዛ የውስጥ ሳንቲም አልነበረውም፤ በኦገስት ገባ። የተጻፈው ግምገማ ግን ባለበት ቀረ።

በውስጡ የሚሸጥ ነገር ያለበትን ጌም እንዴት ልመዝን?

በስሌት። አምስት ግጥሚያ ተጫውተው ያገኙትን ሳንቲምና የወሰደውን ደቂቃ ይጻፉ፣ የሚፈልጉትን ዕቃ ዋጋ በሰዓት ገቢዎ ያካፍሉ። የሚመጣው ሰዓት ነው እውነተኛው ዋጋ። ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 በ2017 ሊወጣ ሲል ዳርዝ ቬደርን ለመክፈት 60,000 ክሬዲት (የጌሙ የውስጥ ሳንቲም) ይጠይቅ ነበር። ተጫዋቾች ይህን ስሌት ሠርተው ሲቆጡ ወደ 15,000 ወረደ፣ ሙሉ በሙሉ ከመውጣቱ ጥቂት ሰዓታት በፊት ደግሞ በገንዘብ መግዛቱ ለጊዜው ተነሣ።

የሚሸጠው ልብስ ብቻ ከሆነ የዋጋ ጉዳይ ነው። የሚሸጠው ጉልበት ወይም የመጠበቂያ ጊዜ ማሳጠሪያ ከሆነ ግን ጨዋታው ራሱ ሆን ተብሎ የተጓተተ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ይህ ከአጥንት ጉድለቶች ይመደባል።

ኦንላይን ጌምን በመጀመሪያው ሳምንት መገምገም ይቻላል?

የተኩሱን ስሜት፣ ካርታዎቹን፣ የገጸ ባሕርያቱን ልዩነት መገምገም ይቻላል። ሰርቨሩን በመጀመሪያው ቀን መውቀስ ተገቢ ቢሆንም የጌሙ የመጨረሻ መልክ አይደለም። ግጥሚያ ለማግኘት የሚወስደውን ጊዜ በተለያየ ሰዓት ለክተው ይጻፉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ይድገሙት፤ እየረዘመ ከሄደ ተጫዋች እየሸሸ ነው። በፍልሚያ ጌም ላይ "ሮልባክ" የሚባለው የኔትወርክ አሠራር (የተጋጣሚውን ቁልፍ ቀድሞ የሚገምት፣ ሲሳሳትም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያርም) መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ ራቅ ካለ ሰው ጋር ሲጫወቱ እያንዳንዱ ቁልፍ ይዘገያል።

ኮንኮርድ የተባለው የኦንላይን ተኩስ ጌም ኦገስት 23 ቀን 2024 ወጥቶ ሴፕቴምበር 6 ተዘጋ፤ ለገዢዎቹም ገንዘባቸው ተመለሰ። ተኩሱ ደህና ነበር። ነገር ግን ተፎካካሪዎቹ በነፃ በሚገኙበት መስክ 40 ዶላር ጠየቀ፣ ሰው አልመጣም። ሰው የሌለበት የኦንላይን ጌም ደግሞ የቱንም ያህል ቢሠራ አይጫወትም። ስለዚህ የተጫዋቹ ብዛት እንደ ወሬ ሳይሆን እንደ ጌሙ አንድ ክፍል ይመዘናል።

"በአፕዴት ይስተካከላል" ሲባል ልመን? ሲስተካከልስ የቀድሞ ፍርዴን ልቀይር?

ተስፋው ምን ላይ እንደሆነ ይለዩ። መውደቅ፣ የሼደር መቆራረጥ፣ የመሣሪያ ሚዛን፣ የጽሑፍ መጠን በሳምንታት ይስተካከላሉ። የፕሮሰሰር ጫና ወራት ይወስዳል፤ ሙሉ በሙሉም ላይፈታ ይችላል። የታሪኩ አወቃቀር፣ የካርታው ባዶነት፣ የውጊያው መሠረት ግን በአፕዴት ሲለወጡ ማየት እምብዛም ነው። ኖ ማንስ ስካይ ከእነዚያ እምብዛም ከሆኑት አንዱ ነው፦ በኦገስት 2016 ሲወጣ ተጫዋቾች አብረው መጫወት አይችሉም ነበር፤ ይህ በሙሉ የመጣው በጁላይ 2018 ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ገዢው የያዘው ግን ያንን ያልተሟላውን ነበር።

አዲስ ፍርድ ይጨምሩ፣ የቀድሞውን ግን አይሰርዙት። ከላይ የጌሙን የአፕዴት ቁጥር፣ መሣሪያውን እና ቀኑን ይጻፉ፤ ከሥር ምን እንደተጠገነና ምን እንደቀረ ይዘርዝሩ። እንደገና ሲፈትኑ በዘፈቀደ አይሁን፤ መጀመሪያ የተቆራረጠበትን ያንኑ ቦታ፣ በያኔው ሴቭ፣ በያኔው ሴቲንግ ይጫወቱ። ለዚህ ሲባል ችግር ያዩበትን ሴቭ በሌላ ስም ገልብጠው ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን መለመድ ያለበት ነገር ነው።